ከፊት የሚሄድ ተሳቢ

ልጄ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ቡናዬን ሳልጨርስ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ሥራ አለህ?» አለችኝ። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ጥያቄ «መኪናህን አስነሳ» ማለት እንደሆነ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን የተፈለግሁት ከነመኪናዬ ነበር። ለክፍል ሥራ የዘጠና ሴኮንድ ትሬይለር ሊቀርጹ ነው።

«ፊልሙን መቼ ቀረጻችሁት?» አልኳት።

«ፊልም የለም አባዬ። የታዘዝነው ትሬይለር ብቻ ነው።»

ሠርግ ሳይደገስ መልስ ተጠራሁ ማለት ነው። ጫማዬን አጠለቅሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንዲት ተማሪ ሎከሯን ስትከፍት ከማታውቀው ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ታገኛለች፤ አንብባው ትደነግጣለች። ደብዳቤው ምን እንደሚል ያሰበበት ሰው የለም። ለቀረጻው ወረቀት ሲጠፋ ከኮቴ ኪስ የመብራት ቢል አውጥቼ ሰጠኋቸው። እኔንም ያስደነገጠኝ ወረቀት ስለነበር የልጅቷን ትወና አልተቸሁም።

የቸገረን የትምህርት ቤቱ ኮሪደር መብራት ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፤ ሰው ጸጥ ካለ ትንሽ ታግሶ ይጠፋል። ዳይሬክተሯ፣ ማለትም የእኔው ልጅ፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ብላ ታዝዛለች። ተዋናይዋ ስሜት ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያስፈልገኛል ትላለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። እንባዋ ሊመጣ ሲል ድርግም! በአራተኛው ሙከራ የእኔ ሚና ታወቀ፤ ከካሜራው ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቁጭ ብዬ እጆቼን እንዳወናጭፍ ተመደብሁ። ማማ ላይ ሆኖ ከማሽላ ማሳ ወፍ የሚያባርር ልጅ መስዬ ነበር፤ ያውም ያለ ወንጭፍ።

ከሰዓት በኋላ ውጭ የበረዶው ትዕይንት ተከተለ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ካሜራችን ስልክ ነው፤ አርባ በመቶ ባትሪ አለኝ እያለ ድንገት ጠፋ። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ በውስጡ ያለው የኬሚካል ሥራ ስለሚዘገይ ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል። መድኃኒቱ የሰው ብብት ነው። የማን ብብት እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ስልኩን ታቅፌ ቆሜ ሳለ ነው ስሙ ያስገረመኝ። ትሬይለር ማለት ተሳቢ ነው። የጅቡቲን መንገድ የሚያውቅ ሰው ተሳቢ ከመኪናው ኋላ እንደሚጎተት አይጠፋውም። ታዲያ ከፊልሙ ቀድሞ የሚታይ ነገር እንዴት ተሳቢ ተባለ? መልሱ፣ ድሮ ከኋላ ይታይ ስለነበር ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. የማርከስ ሎው ሲኒማ ቤቶች የማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ፣ «ዘ ፕሌዠር ሲከርስ» የተባለውን የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚያስተዋውቅ አጭር ፊልም ሠርቶ አሳየ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ትሬይለር የሚከተለው ፊልም አልነበረውም፤ ያስተዋወቀው ቴአትር ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ መታየት የጀመረው «ዘ አድቬንቸርስ ኦፍ ካትሊን» የተባለው ተከታታይ ፊልም ደግሞ ጀግናዋን ጭንቅ ላይ ጥሎ ለሚቀጥለው ክፍል ይቀጥር ነበር። ተመልካች ግን ፊልሙ ሲያልቅ ኮቱን አንሥቶ ይወጣል፤ ማስታወቂያውን የሚያየው ባዶ ወንበር ነው። ስለዚህ ተሳቢውን ፈትተው ከፊት ቀጠሉት። ስሙን መቀየር ትዝ ያለው የለም።

እኛ አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ትሬይለርን የምናውቀው በጆሯችን ነው። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፋል፤ ድምፁ በሞንታርቦ ወደ መንገድ ይለቀቃል። መግቢያ የሌለን ግድግዳ ተደግፈን ጡጫና ተኩሱን እንሰማለን። ማታ ገብቶ ያየ ልጅ ደግሞ ከነድምፁ ይተርክልናል፤ አክተሩ እንደማይሞት ቀድመን ብናውቅም ልባችን ይሰቀላል። ብዙዎቹን ፊልሞች እስከ ዛሬ አላየኋቸውም፤ ትሬይለራቸውን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ።

ፊልም ሳይኖር ትሬይለር መሥራት የልጄ አስተማሪ ፈጠራ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከጎረቤታችን ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ፣ ከተማዋን ታክካ ሴንት ሉዊስ ፓርክ አለች፤ የፊልም ሠሪዎቹ የኮኤን ወንድማማቾች፣ የጆኤልና የኢታን አገር። ጆኤል በልጅነቱ የሰው ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ ሱፐር ኤይት ካሜራ ገዛ፤ በቴሌቪዥን ያዩአቸውን ፊልሞች የጎረቤት ልጅ እያስተወኑ እንደገና ይሠሩ ነበር። ካደጉ በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ «ብለድ ሲምፕል» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሊሠሩ ሲነሡ እጃቸው ላይ ገንዘብ የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ያልተሠራውን ፊልም ትሬይለር መቅረጽ ነው። አንድ ሰው አካፋ እየጎተተ መንገድ ላይ ወደ ወደቀ ሰው ይሄዳል፤ ግድግዳ በጥይት ተበሳስቶ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ይገባል። ይህንን ይዘው ወደ ሚኒያፖሊስ ተመለሱ፤ ፕሮጀክተር ተሸክመው በየሀብታሙ ሳሎን እየገቡ አሳዩ። በስምንት ወር ያህል ጊዜ 750,000 ዶላር ተሰበሰበ። ፊልሙ በ1984 እ.ኤ.አ. ታየ። እኛ መዋጮ የምንለው ነው እንግዲህ፤ ልዩነቱ የእኛ መዋጮ ፕሮጀክተር አያስፈልገውም፣ የሽማግሌ ሳል ይበቃዋል።

እነዚሁ ሰዎች በኋላ «ፋርጎ»ን ሲቀርጹ የሚኒሶታ በረዶ አልበቃ ብሏቸው በረዶ ፍለጋ ወደ ሰሜን ዳኮታ ሄደዋል። ይህን ለልጄ ስነግራት ጉልበቷ ድረስ በረዶ ውስጥ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም።

የፊልም ሠሪውን የኃይሌ ገሪማንም ነገር ነገርኳት። ኃይሌ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ፣ ገና ተማሪ ሳለ ነው አገር ቤት ሄዶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው፤ ያንን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም በሁለት ሳምንት፣ በጥቁርና ነጭ። «እኛ ዘጠና ሴኮንዱን ቀኑን ሙሉ ፈጀንበት» አለች ልጄ። ለኃይሌ መብራት የሚያጠፋበት ኮሪደር እንዳልነበረ አስረዳኋት።

ትሬይለሩ ተሠርቶ ሲያልቅ በሳሎናችን ቴሌቪዥን ተመረቀ። ካዛንቺስ ኖረው ለጥየቃ የመጡት አማቴ የክብር እንግዳ ነበሩ። ልጅቷ ሎከሯን ከፈተች፤ ደብዳቤውን አነበበች፤ ደነገጠች፤ በበረዶው ውስጥ ሮጠች፤ ሙዚቃው አጓራ፤ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ መጣና ጨለመ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?» አሉ አማቴ።

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ገና አላለቀም እማማ» አለቻቸው።

«ለማስጨረስ ስንት ይፈልጋል?»

ማንም መልስ ሳይሰጣቸው ጎንበስ ብለው መቀነታቸውን ፈቱ፤ አራት ቦታ የታጠፈች ሃያ ዶላር አውጥተው በዳይሬክተሯ መዳፍ ላይ አኖሩ። አማቴ ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም።

ሥራው ዛሬ ያለበት ደረጃ ይህ ነው፦ ሃያ ዶላር ገብቷል፤ ደብዳቤው ደግሞ የመክፈያ ቀኑ አልፎበታል።