ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው… የእኔማ ባሰ!

ዛሬ የማወጋችሁ የሰው ጉድ አይደለም፤ የራሴን ነው። የሰውን ሲያወራ የኖረ ሰው ወደ ራሱ ሲመጣ ምላሱ ይተሳሰራል። ቢሆንም እንደምንም ልወጣው።

ነገሩ የሆነው መገናኛ ነው። አንድ ምሽት ከጓደኛዬ ጋር (ጓደኛዬ ስል የገባችሁ ይመስለኛል!) የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ይዘናል። ወያላው «ካራ! ካራ!» ይላል፤ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ልብስ ነጋዴው «በመቶ! በመቶ!» እያለ ይጮኻል። እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ። አልሰማሁም። እንደ ልማዴ ፈገግ አልኩና «ደስ ይላል!» አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ለካስ ያለኝ «አባባ ባሰበት፣ ሆስፒታል አስገባነው» ኖሯል!

እናንተዬ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አልደወለም። እሱ ዘንድ እኔ አንጀቴ የደነደነ ሴት ነኝ። ጎረቤቱም «ኩራተኛ፣ ሰላምታ የማትመልስ» ይለኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እውነቱ ግን… ጆሮዬ አይሰማም። ልጅ ሳለሁ ግራ ጆሮዬ መግል ይወርደው ነበር። ሰፈርተኛው «ጤና አዳም ጨምቃችሁ ጠብ አድርጉላት» ሲል፣ ሐኪም ሳያየኝ አደግኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት የፊት ወንበር እየተሻማሁ፣ የአስተማሪ ከንፈር እያየሁ ነው። ላልሰማሁት ሁሉ «እሺ» ማለትን ተማርኩ።

እናም ዕቁቤ ሲደርሰኝ ልብስ አልገዛሁም፤ ለሁለቱም ጆሮዬ የመስሚያ መሣሪያ ገዛሁ። ሻጩ ለአፍታ ፈተነኝና ሻጥ ሻጥ አድርጎልኝ «በቃ፣ ከእንግዲህ ትንኝ ስትበር ትሰሚያለሽ!» አለኝ። ትንኝስ ባልከፋ! ቤት ስገባ የሰሃኑ ኳኳታ ጭንቅላቴን በረቀሰው። የነጠላዬ መንኮሻኮሽ ዝናብ መሰለኝ። ስናገር ጋን ውስጥ ገብቼ የማወራ ይመስለኛል። እማዬን ሳቅፋት መሣሪያው ያፏጫል። ግራው ደግሞ ያቆስላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ቃሉ አልጠራም። ታክሲ ውስጥ ወያላው «እህት፣ ኤርፎኑን ንቀይና ሒሳብ!» አለኝ። በአራተኛው ቀን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቱ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁና ለቅሶ ደረስኩ። እናቱ እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ። አንዱንም አልሰማሁም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ያን ማታ ካርቶኑን ከቁም ሣጥን አወጣሁት።

በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጣ ጆሮዬን አንድ በአንድ ለካችው። ግራው ከቀኙ ይብሳል፤ መሣሪያው ግን ለሁለቱም እኩል ተስተካክሎ ኖሯል! እንዴት ይጥራ? በልኬቱ መሠረት እንደገና ሞላችው። እንደ እኔ ለተቸገራችሁ የነገረችኝን ላካፍላችሁ።

ድምፃችሁ ጋን ውስጥ ከሆነባችሁ፣ ጎማው ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ አየር የሚያሳልፍ ይቀየርላችሁ። ካፏጨ ደግሞ ጎማው ልክ አልገባም ወይም ሰፍቷል፤ ድምፁ እየሾለከ ወደ ማይክራፎኑ ይመለሳል። ጆሮ ውስጥ የተከማቸ ኩክም ያስፏጫል። ታዲያ በክብሪት እንጨት መጎርጎር የለም! ሐኪም ያውጣው።

ድንገት ድምፁ ከደከመ ጫፉን እዩት፤ ኩክ ደፍኖት ይሆናል፤ በደረቅ ጨርቅና በትንሿ ብሩሽ ይጸዳል። ባትሪው የሚቀየር ዓይነት ከሆነ ልጣጩን አንስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አየር ይንካው፤ ከዚያ ክተቱት። ሻወር ስትገቡ አውልቁት።

ከሁሉ በላይ ይህችን ያዙልኝ፦ ጩኸት ይለመዳል፣ ሕመም አይለመድም! ካቆሰላችሁ መልሳችሁ ሂዱ፤ ልኩ ይቀየራል። መግል ከመጣ፣ ከዞረባችሁ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን አውልቃችሁ ወደ ሐኪም ነው፤ ጥቁር አንበሳን የመሰለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ። ለጩኸቱ ግን ጊዜ ስጡት። ለዓመታት ዝም ያለውን ድምፅ አእምሮ እንደ አዲስ ነው የሚማረው። እኔ መጀመሪያ ቤቴ ውስጥ ጋዜጣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ቀጥሎ በየካ ሚካኤል በኩል በእግሬ እየሄድኩ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው ሾላ ገበያ የገባሁት። ካፌ ስቀመጥ ጩኸቱን ከጀርባዬ፣ የማወራውን ሰው ከፊቴ አደርጋለሁ። ተአምር አይደለም፤ ግርግር ውስጥ ዛሬም የሚያመልጠኝ አለ። ሲያመልጠኝ ግን «ድገምልኝ» እላለሁ።

ደግሞስ ምን ያሳፍራል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን ሰው የተወሰነ የመስማት ችግር ይኖርበታል ብሏል። መነጽር ያደረገን ሰው ማን ይስቅበታል?

ባለፈው ደውዬ ቀጠርኩት። መገናኛ፣ ፎቅ ላይ ያለች ጸጥ ያለች ካፌ። ጸጉሬን ወደ ኋላ አድርጌ መሣሪያውን አሳየሁትና «ያን ቀን አልሰማሁህም ነበር» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። የስኒው ማንኪያ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

ይህቺን ጥርት አድርጌ ሰማኋት። መልስ ግን የለኝም ነበር። እናንተ ሳይመሽባችሁ ንገሩ!

ቸር ይግጠመን።