ከምናለሽ ተራ የተገኘ የገና ዛፍ

ታኅሣሥ ሲጋመስ መርካቶ የወረዳችሁ እንደ ሆነ፣ በየሱቁ ደጃፍ የሚያብረቀርቁ ኳሶችና የፕላስቲክ ዛፎች ተሰቅለው ታያላችሁ። እኔ ግን እነዚህን አልፋችሁ ወደ ምናለሽ ተራ እንድትዘልቁ እመክራችኋለሁ። የስፍራው ስም ራሱ የቋንቋ ተማሪን ደስ ያሰኛል፤ «ምን አለሽ?» የሚለው ሙሉ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር እንዳለ የቦታ ስም ሆኗልና። ጆንያውን ተሸክሞ በየመንደሩ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌውም ስሙን ያገኘው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ከራሱ ጥሪ እንደ ሆነ ይነገራል። መርካቶ የሚለው ቃል ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የጣልያን ወረራ የተረፈ ሲሆን፣ ትርጉሙ ገበያ ማለት ነው።

በዚህ ሰፈር የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ፣ በርሜል ምድጃ፣ የወተት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ለጌጥ የሚሆን ዕቃ ስትመርጡ ለዋጋው አትቸኩሉ፤ አንሥታችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት። ጥርሱ የረገፈ የሰዓት ሞተር፣ የተጫጫረ ሲዲ፣ የተሰበረ የመስተዋት አምባር፣ ተራ የለስላሳ ቆርኪ እንኳ ሳይቀር ብርሃን ሲያርፍበት ሌላ ነገር መስሎ ይታያል።

አስተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ ተማሪዎቼ ክፍላችንን ለገና የሚያስጌጡበት የተጣለ ዕቃ ከየቤታቸው እንዲያመጡ አዝዤ ነበር። ሁሉም ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር፣ አንዲት ልጅ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ነገር እግሯ ሥር ሸሽጋ ተቀመጠች። ተራዋ ደርሶ ስትፈታው ጨርቁ ያለቀ የጃንጥላ አጽም ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እርስዋ ግን አንድም ቃል ሳትናገር እጀታውን አሸዋ በሞላው የዘይት ጣሳ ውስጥ ተከለችው፤ ሽቦዎቹንም በከፊል ዘርግታ፣ እንዳይከፈቱም እንዳይከደኑም ከመካከለኛው ዘንግ ጋር በሲባጎ አሰረቻቸው። ከዚያም ክርኑ የተበላ አረንጓዴ ሹራብ ከቦርሳዋ አውጥታ ተረተረችና፣ ክሩን ከጫፉ ጀምራ ወደ ታች እየሰፋች ጠመጠመችው። ከሳቁት መካከል አንዱ ቆርኪዎቹን በምስማር እየበሳ ያቀብላት ጀመር። ሥራው ሲያልቅ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ «መምህር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእናቴ ልውሰድላት?» አለችኝ። በቤታቸው የገና ዛፍ ቆሞ አያውቅም ነበር።

ዛፉ ላይ ጥጥ በትኖ በረዶ ማስመሰል ለእኔ አይጥመኝም፤ በታኅሣሥ በደጋው አገር ውርጭ እንጂ በረዶ የተከመረበት መንደር የት አለ? ይልቁንም ብዙ ዓመት ፈጅቶ ያደገን ጥድ ለጥቂት ቀን ደስታ ከመቁረጥ ጃንጥላው ይሻላል።

ይህን ለመሥራት የምትነሡ ሁሉ የጣሳውን አፍ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ አድቡት፤ ስለቱ እጅ ይቆርጣልና። የበራ ሻማም ከክሩ አጠገብ ከቶ አታኑሩ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቆርኪዎቹን በከረጢት አኑራችሁ፣ ክሩን ጠቅልላችሁ፣ ሲባጎውን ፈትታችሁ ጃንጥላውን ክደኑት። እስከሚመጣው ታኅሣሥ ከቁም ሣጥን ጀርባ ይቆማል።