ስለ ቤት ኪራይ

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም በበዴሳም በገለምሶም፣ ገንዘብ በብዛት የሚመጣው ከጫት ነው። ወርቅ ተገኘ በተባለበት አገር የሚሆነው ሁሉ፣ በሻኪሶም እንደታየው፣ በእኛ ዘንድ ስለ ቅጠል ይሆናል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት ነጋዴውም ሾፌሩም አሳሪውም በመንገድ ዳር ማደሪያ ይሻሉ፤ የዕለቱም ገንዘብ በኪሳቸው ነው። ስለዚህ ኪራይ የሚቈረጠው በእነርሱ ኪስ ልክ እንጂ በደመወዝተኛው አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ከአከራዮቹ አንዱ ነኝና ሌላውን ከማማት የራሴን ልናገር።

በግቢዬ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት አንድ የሂሳብ መምህር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ስድስት ዓመት ተቀመጠ። በወር 900 ብር ይከፍለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፈም። በ2012 ዓ.ም. አንድ የጫት ነጋዴ መጥቶ፣ 2,500 ብር እሰጣለሁ፤ የዓመቱንም አስቀድሜ እከፍላለሁ አለኝ። በዚያው ማታ መምህሩን ጠርቼ «ኑሮ ተወዷል፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ 2,500 ነው» አልሁት። ኑሮ መወደዱስ እውነት ነበር፤ እኔ ግን ያን ያልሁት ነጋዴው ስለመጣ ነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «ጋሼ፣ ደመወዜን ያውቁታል» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ለጥቂት ጊዜ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቤተ ሰቡን አጭቆ ከቆየ በኋላ ዝውውር አግኝቶ ወደ ሂርና ሄደ።

በዚያን ጊዜ በደል የሠራሁ አልመሰለኝም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ ከአባቴ ሁለት ቤት ተወስዷል። ኪራይ ተቀንሶ ድኻው መጠቀሙ አይካድም፤ ነገር ግን በጥቂት ብር የሚከራየውን ቤት የሚያድስ ጠፍቶ ጣሪያው ሲያፈስ ዓመታት ዐለፉ። አባቴ ይህን እያየ ይቈጣ ነበር። እኔም ቍጣውን ወርሼ ኖሮ፣ «ቤቱ የእኔ ነው» ማለት ለሁሉም ነገር የሚበቃ መልስ ይመስለኝ ነበር።

ነጋዴው ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ለዚህ እንኳ አልቀየምሁትም፤ የመጣው ለገበያው ነው እንጂ ለጉርብትና አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። ሰዎች ሲያወሩት ስሰማ ያ የዐሥራ ሁለት ወር ገንዘብ ትዝ አለኝ። የቈጠርሁት መምህሩ ሻይ ሲጠጣበት በነበረው በረንዳ ላይ ነው።

የልጄ ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት ይማር ነበር። መምህሩ ከሄደ በኋላ የሚተካው እስኪገኝ ወራት ዐለፉ። አንድ ቀን የሂሳብ ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ፤ በየገጹ ቀኑ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ ነው። «አባባ፣ መምህር የት ሄዱ?» አለኝ። «ሂርና» አልሁት። ለምን እንደ ሄዱ ግን አልነገርሁትም።