አጥንቱ እዚህ፣ ስሙ እዚያ

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን አንድ የኮርያ ዘማች ነበሩ። እኛ የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን የእንጨት ሳጥናቸውን ከፍተው፣ ከልብሶቹ ሥር በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ቋጠሮው እምቢ ቢላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ሜዳሊያ ነው፤ ጥብጣቡ ደብዝዟል። መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጥቂት አሳዩኝና መልሰው ቋጠሩት። ሲቋጥሩት ግን በሩን ያዩ ነበር።

ለምን በሩን እንዳዩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ደቡብ ኮርያን ሊረዳ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲሸኝ በንጉሡ እጅ ሰንደቅ ዓላማ ተቀብሎ ነበር። በየተራ የዘመተው ከ6,000 በላይ ሰው ነው። ከ120 በላይ ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በ1967 መንግሥት ሲለወጥ፣ ኋላም ደርግ ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ፣ "ኮርያ ዘምቻለሁ" ማለት የሚያኮራ ሳይሆን የሚያሰጋ ነገር ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ሜዳሊያ ሳጥን ገባ።

በዚያው ዘመን፣ የእኛ ሰዎች በተዋጉበት አካባቢ ባለች ቹንቾን በምትባል የደቡብ ኮርያ ከተማ፣ ውኃ ዳር አንድ ሐውልት ቆሞ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት ነው። አጠገቡ "ኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት ተከፈተ። ኋላም በ1999 ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠራ። የቹንቾን ሰው ከእኛ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። የሞቱለትን ሰዎች ስም ግን አልጣለም።

ነገሩን ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ አንድ ነገር አለ። ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። ቃኘዎች የወደቀ ጓዳቸውን ትተው አልመጡም፤ አጽሙን ይዘው ገቡ፣ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴም አረፈ። አጥንቱን አመጣን፤ ስሙን ግን ሲጠብቁልን የኖሩት እነሱ ናቸው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የምንል ሰዎች፣ መቃብሩን ይዘን ስሙን ለባዳ ሰጠን።

ዛሬ አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ደግ ተሠራ። ነገር ግን ዘማቹ የወጣው ከሰፈር ነው፣ ከቀበሌ፣ ከገጠር ደብር ነው። ስሙም መጠራት ያለበት እዚያው፣ የሚያውቁት ልጆችና የልጅ ልጆች ባሉበት ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ሰሌዳ ትበቃለች።

ከማንም በፊት የምወቅሰው ራሴን ነው። ያን ሜዳሊያ በመዳፌ የያዝሁት እኔ፣ ጋሼን ከማለት በቀር ስማቸውን ከነአባታቸው አላውቅም። ልጃቸው ግን ዛሬም እዚያው ግቢ አለች። የፊታችን እሑድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እሄዳለሁ።