በጓሮ በር የገባ ነፋስ

በመኪና መሪ ፊት የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት በበራች ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ምን ይለወጥ?» ብሎ ነው እንጂ «ምን አለች?» ብሎ አይደለም። የመኪና ነገር ግን በዚህ ከቅኔ ነገር አይርቅም፤ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ሰሙ ነውና፣ ወርቁን ሳይፈልጉ መፍረድ ገንዘብ ያስከፍላል። የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባች ጊዜ፣ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በድምፁና በጢሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ስላለው ሕመሙን በቍጥር ጽፎ ያኖራል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለቤት መኪናዎች አንድ ዐይነት የቍጥር ሥርዐት ስለ ታዘዘ፣ ሌሎችም አገሮች ስለ ተከተሉት፣ ትንሽ ማንበቢያ መሣሪያና የእጅ ስልክ ያለው ሰው ቍጥሩን በቤቱ ደጅ ያነበዋል።

በአሮጌ መኪና ላይ ከሚዘወተሩት ቍጥሮች አንዱ «ፒ 0171» ነው። ፍችውም «ድብልቁ ቀጥኗል» ማለት ነው፤ ይኸውም ነፋሱ ማለት አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በልኩ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል ነፋስ ይፈልጋልና።

አሠራሩ በድግስ ቤት ሊመሰል ይችላል። በብዙ መኪና ከነፋስ ማጣሪያው ቀጥሎ የሚገባውን ነፋስ የሚቈጥር መሣሪያ አለ፤ እርሱ አጋፋሪው ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ወጥ ቤት አዛዥ የአጋፋሪውን ቍጥር ሰምቶ በዚያው ልክ ቤንዚን ያዝዛል። በጢስ መውጫው ላይ ደግሞ ኦክሲጅን ሴንሰር የሚባለው ቆሞ፣ እንግዶቹ ጠግበው ወይስ ተርበው እንደ ወጡ ይመለከታል። «ተርበዋል» ባለ ጊዜ አዛዡ ቤንዚኑን ይጨምራል፤ ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 ወይም 25 ያህል ሲደርስ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ መብራቷን ያበራል። እንግዲህ በበሩ የቆመው መልእክተኛ «ተርበዋል» ስላለ እርሱን ሽሮ ሌላ መሾም ምን ይጠቅማል? እንዲህ ያለው ፍርድ ግን በየጋራዡ ይፈረዳል።

ከአያት የሚነሣው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር መሥመር በሚያበቃበት በጦር ኃይሎች ሠፈር የሚኖሩ አንድ የጡረታ ሽማግሌ ይህ ደረሰባቸው። መኪናቸው ኻያ ዓመት ያህል ያገለገለች፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የምትሄድ ናት፤ የሚይዟትም ለክብር ሳይኾን ባለቤታቸውን በሳምንት ኹለት ቀን ወደ ሕክምና ለማድረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን ማዳን ግድ ኾኗል። መብራቷ በበራች ጊዜ አንድ መካኒክ ቍጥሩን አንብቦ «ኦክሲጅን ሴንሰሩ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ሶማሌ ተራ ወርደው ከወር ጡረታቸው የሚበልጥ ገንዘብ ከፍለው አስለወጡ። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ በራች። ሌላ ሰው ደግሞ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው» አላቸው።

ይህ ኹለተኛው ቃል ለጆሮ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ተገልብጧል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች፣ የነፋሷ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ነፋስ ካነሰ ቤንዚኑ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ባለ ካርቡራተር መኪናዎች ከቈላ ወደ ደጋ ሲወጡ ጥቁር ጢስ የሚተፉትም ስለዚህ ነው። ኮምፒዩተር ያላት መኪና ግን የነፋሱን መሳሳት ራሷ ቈጥራ ታስተካክላለች። ስለዚህ ከፍታው በዚህ ክስ ነጻ ነው።

በመጨረሻ የወንድማቸው ልጅ ማንበቢያውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ መለወጡን እንተወውና እንቍጠር» አላቸው።

«ቍጠር ልጄ፤ የምለውጥበትም ገንዘብ የለኝ» አሉት።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው ከመቶ 24 ኾኖ ተገኘ። ነዳጅ መስጫውን ረግጦ በደቂቃ 2,500 ዙር ባደረሰው ጊዜ ግን ወደ 6 ወረደ። ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ዋናው የነፋስ በር ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው፣ ሞተሩ ከውስጥ እጅግ ይስባል፤ ከአጋፋሪው ኋላ ቀዳዳ ካለ ያልተቈጠረ እንግዳ በጓሮ በር ይገባል። በሩ ሰፋ ብሎ ብዙ ነፋስ በዋናው መንገድ ሲገባ ግን የሰርጎ ገቡ ድርሻ ያንሳል። ነገሩ ተገልብጦ ጭማሪው በሚኒሞ አንሶ በሩጫ ቢበዛ ኖሮ፣ የቤንዚኑ ፓምፕ ደክሟል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል ወይም አጋፋሪው አቧራ ለብሶ አሳንሶ ይቈጥራል ተብሎ ይጠረጠር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው የዐይንና የጣት ኾነ። ኮፈኑ ተከፍቶ ከነፋስ መቍጠሪያው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ኹሉ ታየ። የሞተሩን የዘይት እንፋሎት ወደ ነፋስ ማስገቢያው የሚመልሰው ቀጭን የጎማ ቧንቧ፣ ከላይ ሲያዩት ደኅና መስሎ፣ ከሥሩ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ሲታጠፍ ብቻ አፉን ይከፍታል። ስንጥቁ በጣት በታፈነ ጊዜ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ረጋ፣ ቍጥሩም ይወርድ ጀመር። ትልልቅ ጋራዦች ይህን የሚያገኙት ጢስ ወደ ውስጥ ነፍተው በየት እንደሚወጣ በማየት ነው። በደጃቸው የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች ግን የሚነድ ማጽጃ በጋለ ሞተር ላይ ይረጫሉ፤ ይህ መኪናውንም ቤቱንም ሊያቃጥል ስለሚችል ሊተው ይገባል።

መብራቷን በመሣሪያ አጥፍቶ ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ነገር ግን ቀጥኖ የሚነድ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ይተኵሳል፤ በጭነት ሲቈይም ቫልቭና ፒስቶን ሊጐዳ ይችላል፤ በሽተኛ ለምታደርስ መኪና ይህ የማይኾን ነው። ስለዚህ ዘይት የሚችል የጎማ ቧንቧ ተገዝቶ በአዲስ ፋሼታ ታሰረ። የውሃ ጎማ በዘይት እንፋሎት ቶሎ ስለሚበላሽ በርካሽነቱ መታለል አይገባም። ዋጋው ከተለወጠው ሴንሰር ጋራ ሲነጻጸር ለወሬ አይበቃም ነበር።

ከሳምንት ጕዞ በኋላ ጭማሪው በ7 ላይ ረጋ። ሽማግሌው «ዜሮ ስለምን አልኾነም?» ብለው ጠየቁ። ልጁም የቤንዚን ፊልትሮው ብዙ ዘመን ሳይለወጥ ስለ ቈየ ከዚያ ሊኾን እንደሚችል፣ ከመቶ 10 በታች ያለው ግን እንደ ጤና እንደሚቈጠር ነገራቸው። ፊልትሮው እስከሚመጣው የጡረታ ቀን እንዲቈይ ተስማሙ። ማግስቱ የሕክምና ቀን ነበረና መኪናዋ በማለዳ ወጣች።