አለቃ ሳይቆጣ አቤት ማለት

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ላደግን ሰዎች በአሜሪካን አገር የሥራ ቦታ «ቅሬታ ካላችሁ ተናገሩ» መባል ግራ ያጋባል። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊቱ ፈረቃ ከሞላ ጎደል የአገራችን ልጆች ናቸው። ሕመምተኛ የሚያነሣው ማሽን ተበላሽቶ ለወራት በክንዳችን ስናነሣ ወገቡን ያልታመመ አልነበረም። ቡና ላይ ሁሉም ጀግና ነው፤ አለቃችን ስትመጣ ግን «ሁሉ ደኅና!» ይባላል።

በመጨረሻ የመረራቸው ልጆች ፊርማ አሰባስበን ለዋናው ቢሮ እንላክ አሉ። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑ እናት ግን፣ «ቆይ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ለራሷ እንንገራት፤ ከበላዮቿ ከሰማችው ጠላት ታደርገናለች» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እኔ እንደታዘብኩት አለቃ የሚፈራው ቅሬታውን ሳይሆን በሰው ፊት መዋረዱን ነው። (ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ይመስለን ነበር።)

ሦስት ሆነን፣ ፈረቃው ሲያልቅ፣ ብቻዋን ስትሆን ገባን። «አላሠራሽልንም» አላልናትም። በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ሰው ሆነን እንዳነሣንና ማን እንደተጎዳ በወረቀት ጽፈን ሰጠናት፤ ማሽኑ እስኪሠራ ከላይኛው ፎቅ መዋስ ይቻል እንደሆነም ጠየቅን። ለካስ እሷም ሁለት ጊዜ ጠይቃ ገንዘብ ተከልክላ ኖሯል! ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀታችንን ይዛ ወደ በላዮቿ ሄደች።

ሦስት መሆናችን ለድፍረት ብቻ አልነበረም። በ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ፣ ማኅበር በሌለበት የግል ድርጅት እንኳ ሠራተኞች ተባብረው ስለ ሥራ ሁኔታቸው ቢናገሩ አሠሪው እንዳይቀጣቸው ይከለክላል። ስለ ሥራ ደኅንነት በመናገሩ የተቀጣ ሰውም በ1970ው ሕግ መሠረት ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚያመለክተው በ30 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ቀኑን መጻፍ ለእኛም ይጠቅማል። ቤሩት በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ግን ይህ ምክር አይበጃትም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነውና።

ማሽኑ በሦስተኛው ሳምንት ተሠራ። የሌሊት ሠራተኛ ይጨመርልን ያልነው ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፤ እሱ ከአለቃችንም አቅም በላይ ነው።