ለሐኪሟ ልጄ፣ ወደ ባሕር ማዶ ስትሄጂ



ወደ አሜሪካ ለመሄድ መቁረጥሽን በነገርሽኝ ጊዜ ልከለክልሽ አልወደድሁም፤ ደመወዝሽ ከቤት ኪራይ አልፎ ለወር አስቤዛ እንደማይበቃ፣ ጓንትና የስፌት ክር በጠፋበት ሌሊትም የሕመምተኛው ዘመድ ጩኸት ሁሉ በአንቺ ላይ እንደሚወርድ አውቃለሁና፣ ይህን ሁሉ ተሸክማ የኖረችውን ልጅ አገሯን ከዳች ብሎ የሚነቅፍ ሰው ፍርዱ ርቱዕ አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር በልቡናሽ ይቀረጽ። ሰዎች የሐኪሞችን ስደት ሲያነሡ ለስንት ሕዝብ ስንት ሐኪም ቀረ እያሉ ይቈጥራሉ፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ያለውን ለሚያስተውል ግን፣ ልዩ ትምህርት ቀስመው እንዲያስተምሩ ወደ ውጭ ከተላኩት ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ሳይመለሱ በመቅረታቸው የደረሰው የመምህራን እጦት ከቍጥሩ ይብሳል። በልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት እንዳየሁት፣ የድጓ መምህር ያስመሰከረ ደቀ መዝሙር ሳይተካ ሲሄድ ወንበሩ ይታጠፋል፤ መጽሐፉ ከነምልክቱ በዕቃ ቤት ቢቀመጥም ዜማው ያለው በመምህሩ አንደበት ነውና። የአንቺም ሙያ እንዲሁ ነው። ወላድ ደም ሲፈሳት፣ ኢንተርኗ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ ሲኒየሯ እጇን ይዞ የሚደማውን ሥር ካላስዳሰሳት፣ ያን ከመጽሐፍ አታገኘውም፤ ነገም ለሌላው የምታወርሰው አይኖራትም።

ስለዚህ እዚያ የሐኪምነት የሥራ ፈቃድ ፈተናውን እስክታልፊ ድረስ ሌላ ሥራ ቢያስገድድሽም ከሙያሽ አትለዪ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በዚያና በስኮትላንድ ሕክምና ተምረው፣ አገራቸውን እንደገና ያዩት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነውና፣ ዘመኑ ቢረዝምም አለፈብኝ ብለሽ ተስፋ አትቍረጪ።

የዓመት ዕረፍት ሲሰጥሽ፣ ወደ አገር ከመምጣትሽ በፊት ለነበርሽበት ሆስፒታል ጽፈሽ የትኛውን ቀዶ ሕክምና የሚያስተምር እንደጠፋ ጠይቂ። ሳይጠይቁ መለዋወጫው የማይገኝ መሣሪያ ጭነው የሚመጡ ደጋጎች አሉ፤ ማሽኑ በኮሪደር ጥግ አቧራ ለብሶ ይቀራል። አንቺ ስትመጪ ሕመምተኞችን ለብቻሽ ለማዳረስ አትጣደፊ፤ ምላጩን ለወጣቶቹ ሰጥተሽ ከጎናቸው ቁሚ፤ ወደ አሜሪካ ከተመለስሽም በኋላ ሌሊት ግራ ሲገባቸው የሚደውሉበትን ስልክ ተዪላቸው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ